ከእንጀራ ንግድ ወደ ብዕር መመለስ

በአሽዶድ ባሕር ዳርቻ የሚመላለስ ሰው፣ ወደቡ ተራ እስኪሰጣቸው ድረስ ራቅ ብለው መልሕቅ ጥለው የሚጠብቁ መርከቦችን ማየት ለምዷል። በወደብ ሥራ አንድ የታወቀ ነገር አለ፤ ጭነት ሳይራገፍ በቆየ ቁጥር ወጪው ይጨምራል። መርከቡ ቆሞ የዋለበት ቀን፣ ኮንቴይነሩ በግቢው ያደረበት ሌሊት፣ ሁሉም ይቆጠራል። ብዙ ዓመት ሳይጽፍ የቆየ ሰው ነገርም እንዲሁ ነው። የሚጽፈው አልጠፋም፤ ተጭኖ ቆሟል። ግን በየዓመቱ ስም ይረሳል፣ ቦታ ይምታታል፣ አብሮ የሚያስታውስ ሰው ያልፋል።

ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች ሁሉ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና የሚሸጡ ትናንሽ ሱቆች አሉ። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሰው ግን ሁልጊዜ ነጋዴ አልነበረም። በአገር ቤት መምህር የነበረ፣ ለተማሪዎቹ ተውኔት የጻፈ፣ ግጥሙን በሰንበት የሚያነብ፣ የመንደሩን ደብዳቤ ሁሉ የሚጽፍ ሊሆን ይችላል። እስራኤል ሲደርስ ዕብራይስጡ ከበደ፣ ልጆች መብላት ነበረባቸው፣ ስለዚህ እጁ የሚያውቀውን ሥራ ያዘ። አሥራ አምስት ወይም ሃያ ዓመት አለፈ። አሁን ልጆቹ አድገዋል፤ ጉልበቱ ምጣድ አጠገብ መቆም እምቢ ብሏል፤ ሱቁ ተዘግቷል ወይም ለልጅ ተላልፏል። የቆየው ጥያቄም ተመልሶ መጥቷል። አሁን መጻፍ ይቻላል ወይ?

ይቻላል። የሚያስቸግረው የተረሳ ችሎታ አይደለም። ሦስት ነገሮችን መወሰን ነው፦ የቀኑን የትኛውን ሰዓት ለጽሕፈት መስጠት፣ በየትኛው ቋንቋ መጻፍ፣ እና ጽሑፉን ማን እንደሚያነበው ወይም እንደሚሰማው አስቀድሞ ማወቅ። ከዚህ በተጨማሪ ንግዱን በሕግ መንገድ መዝጋትና የመጽሐፉን መብት መጠበቅ አለ። ከዚህ በታች እነዚህ አንድ በአንድ ይብራራሉ።

ለምን አሁን?

በሙሴ ዘመቻ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሱዳን ወደ እስራኤል መጡ። በሰሎሞን ዘመቻ ደግሞ በግንቦት 1991 ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ተጓዙ። በሱዳን መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። ለእነርሱ መታሰቢያ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1984 ሃያ አምስት ዓመት የሆነው ሰው ዛሬ 65 አልፎታል። በ1991 አርባ ዓመት የሆነችው እናት 70 አልፏታል። ያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ወይም በእስራኤል የተወለዱት ጽሑፋቸውን በዕብራይስጥ ጀምረዋል። የዖምሪ ተገኘአምላክ አቨራ «አስተራይ» የተባለው ልብ ወለድና ዳልያ ቤቶሊን ሸርማን በ2013 ያሳተመችው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል የሚነሱ ናቸው። እነዚህ ሥራዎች ጥሩ ናቸው፤ ግን ልጅ ያየውና አዋቂ ያወቀው አንድ አይደለም። ከመንደር ለመውጣት በየትኛው ሌሊት እንደተወሰነ፣ ከብቱ ለማን እንደተሸጠ፣ ለመንገድ መሪው ምን እንደተከፈለ፣ የሞተው ሰው በየትኛው ዛፍ ሥር እንደተቀበረ የሚያውቀው አዋቂው ነው። ያውም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ነው የሚያውቀው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ የቀድሞ መምህርና የእንጀራ ነጋዴ ወደ ብዕሩ ቢመለስ፣ ነገሩ ከጡረታ ጊዜ ማሳለፊያ በላይ ነው። ካልጻፈው ሌላ የሚጽፈው ሰው የለም።

ዘግይተው የተመለሱ

ሥራ ጽሕፈትን አቋርጦት፣ በኋላ ተመልሰው የጻፉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ወጣት መምህር ሳሉ ተውኔት ጽፈዋል። ከዚያ የጣሊያን ወረራ መጣ፤ ተዋጉ፣ ተማረኩ፣ ዓመታት በጣሊያን እስር ቤት አሳለፉ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆነው መንግሥትን አገለገሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 56 ገደማ ነበር። ከዚያም በኋላ አላቆሙም፤ «ወንጀለኛው ዳኛ» እና «የልም ዣት» የወጡት ደራሲው ከሰባ ዓመት በላይ ከሆናቸው በኋላ ነው። በጎጃም ገጠር በልጅነታቸው ያዩት ዓለም አርባ ዓመት ያህል በውስጣቸው ቆይቶ ነው መጽሐፍ የሆነው።

አማርኛ ልብ ወለድ ራሱ ከአገር ውጭ ነው የተወለደው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የታተመው በ1908 በሮም ነበር። ደራሲው በጣሊያን አገር አማርኛ ያስተምሩ ነበር። በኋላ ደግሞ ነጋድራስ ተብለው በድሬዳዋ የጉምሩክ ኃላፊ ሆነዋል። በስደት አገር፣ አንባቢ በሌለበት ከተማ ተቀምጦ በአማርኛ መጻፍ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ በዚህ መንገድ ነው የመጣው።

በእስራኤልም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ሳሚ ሚካኤል በ1926 በባግዳድ ተወልዶ በ1949 ወደ እስራኤል የገባ ደራሲ ነው። መጀመሪያ በሃይፋ በአረብኛ ጋዜጦች ላይ ይጽፍ ነበር። ከዚያ ያንን ትቶ በውኃ ጥናት ሥራ ተቀጠረ፤ በሰሜን እስራኤል ወንዞችንና ምንጮችን እየለካ ወደ 25 ዓመት ሠራ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ያወጣው በ1974 ሲሆን፣ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ በዕብራይስጥ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ በሰፊው ከሚነበቡ ደራሲዎች አንዱ ሆነ። በ2024 ሲያርፍ ዕድሜው 97 ነበር።

ከሙዚቃው ዓለም ደግሞ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ አለ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ በዋሽንግተን ቀረ፤ ኑሮውንም በታክሲ ሹፌርነት ይመራ ጀመር። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አላወጣውም። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 የቀረጸው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ፈለገው፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ጥሪው ሲመጣ እጁ ዝግጁ የነበረው በተሳፋሪዎች መካከል ባገኛት አጭር ጊዜ ስለሠራ ነው።

ሱቁ የሰጠው ነገር

ከንግድ ወደ ጽሕፈት የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ «ሃያ ዓመት አባከንኩ» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። የምግብ ሱቅ ለጸሐፊ ሦስት ነገር ይሰጣል።

አንደኛው ጆሮ ነው። እንጀራ ሊገዛ የመጣ ሰው እንጀራ ብቻ ይዞ አይሄድም፤ ወሬ ያመጣል፣ ወሬ ይወስዳል። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ወደ ጦር ሠራዊት እንደገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ በባንኮኒው ላይ ያልፋል። የጎንደሩ፣ የሰሜኑ፣ የትግራዩ አነጋገር እንዴት እንደሚለያይ፣ ወጣቱ አማርኛውን ከዕብራይስጥ ጋር እንዴት እንደሚቀላቅል ከሱቅ ነጋዴ የበለጠ የሰማ የለም። ሰዎች በእውነት እንዴት እንደሚናገሩ ማወቅ ለልብ ወለድም ለትዝታ መጽሐፍም ዋናው ሀብት ነው።

ሁለተኛው የዱቤ ደብተር ነው። በብዙ ሱቆች ውስጥ «እስከ ወር መጨረሻ ያዝልኝ» የተባለው ሁሉ የተጻፈበት ደብተር አለ። እሱን ገልጦ ማየት በቂ ነው። ሁለት መቶ እንጀራ የታዘዘበት ቀን ሠርግ ነበር። ብዙ ቡናና ቆሎ የተወሰደበት ሳምንት ለቅሶ ነበር። ሁልጊዜ አምስት እንጀራ የሚወስደው ቤት ወደ ሁለት ከወረደ፣ ልጆቹ ከቤት ወጥተዋል ማለት ነው። ይህ የአንድ ሰፈር ታሪክ ነው፤ ቀኑም ቁጥሩም የተረጋገጠ ነው። ከምን እንደሚጀምር ግራ የገባው ሰው ከዚህ ደብተር አንድ መስመር መርጦ «ይህ ቀን ምን ነበር?» ብሎ ይጀምር።

ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። ሊጥ በችኮላ አይቦካም። ቀኑ ሳይደርስ የተጋገረ እንጀራ ዓይን አያወጣም። ረቂቅም ተጽፎ ጥቂት ሳምንት ቢቀመጥና እንደገና ቢነበብ፣ የሚወጣው የሚወጣበት፣ የሚገባው የሚገባበት ቦታ ይታያል።

ሱቅና ብዕር አብረው የሚሄዱበት ጊዜም አለ። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል በ1936 ዎሊንግተን በምትባል ትንሽ መንደር ተከራይቶ በገባበት ቤት ውስጥ የመንደር ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ከፍቶ ነበር። እየሸጠም ይጽፍ ነበር። በኋላ በዓለም ሁሉ የታወቀውን የእንስሳት እርሻ ታሪክ ሲጽፍ፣ የዚያች መንደርና የአካባቢዋ የእርሻ ሕይወት ጠቅሞታል።

ሰዓቱን መያዝ

ጃፓናዊው ደራሲ ሃሩኪ ሙራካሚ ከባለቤቱ ጋር በ1974 በቶኪዮ ትንሽ የሙዚቃ ቡና ቤት ከፍቶ ነበር። በ1978 መጻፍ ሲጀምር ሥራውን አልተወም፤ ሌሊት ሱቁን ዘግቶ ሲገባ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይጽፍ ነበር። በዚህ መንገድ ሁለት አጫጭር መጻሕፍት ወጡ። ረጅም ልብ ወለድ ለመጻፍ ሲያስብ ግን የተራረፈ ሰዓት እንደማይበቃው አወቀ፤ በ1981 ቡና ቤቱን ሸጠ። ከዚያ አኗኗሩን ገለበጠው። ሌሊት መቆየቱን ትቶ በጊዜ እየተኛ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ መጻፍ ያዘ።

እንጀራ ሲጋግር የኖረ ሰው ይህን ለውጥ ማድረግ አያስፈልገውም። ሰውነቱ በሌሊት መነሳት ለምዷል። ሱቁ ከተዘጋ በኋላም ዓይኑ በአሥር ሰዓት ሌሊት ይገለጣል። ብዙ ጡረተኞች ያንን ሰዓት በቴሌቪዥን ወይም በሐሳብ ያሳልፉታል። ያ ሰዓት ቀድሞ የምጣድ ሰዓት ነበረ፤ አሁን የብዕር ሰዓት ሊሆን ይችላል።

መጠኑም ብዙ መሆን የለበትም። በቀን 150 ቃል ማለት በደብተር ላይ አንድ ገጽ ገደማ ነው። ሰንበትንና በዓላትን ትቶ በዓመት 300 ቀን ቢጻፍ 45,000 ቃል ይሆናል። በአንድ የመጽሐፍ ገጽ 250 ቃል ቢገባ 180 ገጽ ማለት ነው። በአንድ ዓመት አንድ መጽሐፍ ይወጣል። የሚከብደው መጠኑ አይደለም፤ በየቀኑ መቀመጡ ነው። ሱቅን በየቀኑ የከፈተ ሰው ደግሞ ይህንን ያውቃል።

በየትኛው ቋንቋ?

ይህ ከሁሉ የከበደው ውሳኔ ነው። ልጆችና የልጅ ልጆች የሚያነቡት ዕብራይስጥ ነው። ጸሐፊው ልቡ የሚናገረው ደግሞ በአማርኛ ነው።

ከኢራቅ የመጡት ደራሲዎች ይህንን ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ተጋፍጠውታል። ሳሚ ሚካኤል ወደ ዕብራይስጥ ተሻገረ፤ ብዙ አንባቢም አገኘ። ሰሚር ነቃሽ ደግሞ በ1938 በባግዳድ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እስራኤል የመጣ ሲሆን፣ እስኪሞት ድረስ በአረብኛ ብቻ ጻፈ። በሕይወቱ ሳለ በእስራኤል አንባቢው በጣም ጥቂት ነበር። በ2004 ካረፈ በኋላ ግን ሥራዎቹ ወደ ዕብራይስጥና ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመዋል። የባግዳድ አይሁዶች አነጋገር እንደነበረው የተቀመጠው በእርሱ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

ሁለቱም መንገዶች ዋጋ አላቸው። በስልሳና በሰባ ዓመቱ ለሚመለስ ሰው ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። በተማረው ዕብራይስጥ የሚጽፈው ከሚያውቀው ነገር ግማሹን ብቻ ይሸከማል። በአማርኛ ከጻፈው ሙሉው ይቀመጣል፤ ሙሉ የሆነ ጽሑፍ ደግሞ በኋላ ሊተረጎም ይችላል። ዕብራይስጥ የለመደ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ከጎን ተቀምጦ በሳምንት ሁለት ገጽ ቢተረጉም፣ መጽሐፉ ሁለት ቋንቋ ያገኛል። ልጁም ሳይጠይቀው የኖረውን ታሪክ ያገኛል። የቤተ እስራኤል መምህር የነበሩት ዮና ቦጋለ ለማኅበረሰባቸው የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት ሁለቱ ቋንቋዎች አብረው መኖር እንዳለባቸው ስላወቁ ነው።

እጅ ሲደክም፣ ዓይን ሲፈዝ

በደብተር በእጅ መጻፍ ዛሬም ጥሩ መንገድ ነው። መጻፍ ለከበደው ግን ስልክ ብዙ ይረዳል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ ከ1999 ጀምሮ ስለገባ በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ በየትኛውም ስልክ ይነበባል። ጉግል ደግሞ ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ የተነገረን ቃል ወደ ጽሑፍ መለወጥ ጀምሯል። ተናጋሪው ማይክሮፎኑን ምልክት ነክቶ በእርጋታ ሲናገር ስልኩ ይጽፋል። ስሕተት ይኖረዋል፤ በተለይ የሰውና የቦታ ስም ይሳሳታል። ቢሆንም ከባዶ ገጽ ማረም ከሚፈልግ ገጽ ይሻላል።

ሌላው መንገድ ድምፅን መቅዳት ነው። ቀድቶ በኋላ እየሰሙ መገልበጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን የድምፁ ቅጂ ራሱ ቅርስ ሆኖ ይቀራል። የተጻፈውም የተቀዳውም ሁልጊዜ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ በስልኩ፣ አንዱ በልጅ ኮምፒውተር ላይ። ስልክ ይወድቃል፣ ይጠፋልም።

አማርኛ ማንበብ የማይችሉ፣ መስማት ግን የሚወዱ ብዙ እናቶችና አባቶች ስላሉ፣ ለጆሮ መጻፍም ተገቢ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በሕዝብ ልብ ውስጥ የገባው በመጽሐፍነቱ ብቻ አልነበረም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሰምቶታል። በእስራኤልም የስደተኞች ሬዲዮ የሆነው ሬካ ከ1991 ጀምሮ የኢትዮጵያውያንን ቋንቋ ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች ሲያሰራጭ ቆይቷል። ጽሑፉን ጮክ ብሎ ማንበብ ጥሩ ፈተና ነው። ምላስ የሚደናቀፍበት ዓረፍተ ነገር መታረም አለበት።

ንግዱን በሥርዓት መዝጋት

የሱቁን በር መዝጋትና ንግዱን መዝጋት አንድ አይደሉም። በእስራኤል አንድ ትንሽ ነጋዴ፣ ዖሴቅ ፓቱርም ሆነ ዖሴቅ ሙርሼ፣ በሦስት ቦታ ፋይል አለው፤ በገቢ ግብር፣ በማዓም እና በቢቱዋሕ ሌኡሚ። ሥራው ሲቆም ለሦስቱም ማሳወቅ ያስፈልጋል። ፋይሉ እስካልተዘጋ ድረስ መግለጫና ክፍያ መጠየቁ ሊቀጥል ይችላል። ደረሰኞችና የሒሳብ ደብተሮች ደግሞ ለሰባት ዓመት መቀመጥ አለባቸው፤ ስለዚህ ያ የዱቤ ደብተር በችኮላ አይጣል።

ከመጽሐፍ ገቢ እንደሚያገኝ የሚጠብቅ ሰው ፋይሉን ከመዝጋቱ በፊት የሒሳብ ባለሙያ ቢያማክር ይሻላል። አንዳንድ ጊዜ መዝጋት ሳይሆን የሥራውን ዓይነት መቀየር ይበቃል።

የጡረታው ነገርም መታሰብ አለበት። የጡረታ ዕድሜ ለወንዶች 67 ነው፤ ለሴቶች ደግሞ ከ62 ወደ 65 ቀስ በቀስ እያደገ ነው። ከዚያ እስከ 70 ባለው ጊዜ ከሥራ የሚገኝ ገቢ ከተወሰነው በላይ ከሆነ የእርጅና ጡረታውን ሊቀንሰው ይችላል። ከ70 በኋላ ይህ ፈተና ይቀራል። የገቢ ማሟያ የሚቀበል ሰው ግን በማንኛውም ዕድሜ ቢሆን ትንሽም ገቢ ሲያገኝ ለቢቱዋሕ ሌኡሚ ማሳወቅ ይኖርበታል። ከአንድ መጽሐፍ የሚገኘው ጥቂት ገንዘብ ሳይነገር ቢቀር፣ በኋላ ዕዳ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

የጸሐፊው መብትና ግዴታ

በእስራኤል የቅጂ መብት ሕግ የወጣው በ2007 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ጽሑፉ ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ የጸሐፊው ነው፤ የትም መመዝገብ አያስፈልግም። መብቱ ጸሐፊው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት ይቆያል፤ ለልጆቹ ይወረሳል። ስለዚህ አንድ አባት በደብተር የጻፈው ታሪክ ገና ሳይታተም ንብረቱ ነው።

ግዴታም አለ። የእውነት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለ ሌሎች ሰዎች ይጽፋል። የስም ማጥፋት ሕግ ከ1965 ጀምሮ፣ የግል ሕይወትን የሚጠብቀው ሕግ ደግሞ ከ1981 ጀምሮ አሉ። ከዱቤ ደብተር የተወሰደ ታሪክ ሲጻፍ የባለዕዳውን ስም መለወጥ፣ የሚታወቅበትን ምልክት ማጥፋት ግድ ነው። ከሕጉም በላይ ነውር አለ፤ በችግሩ ጊዜ በዱቤ የበላ ሰው ስሙን በመጽሐፍ ማየት የለበትም።

ወደ ማሳተም ሲደረስ ብዙ ትናንሽ አሳታሚዎች ወጪውን ከጸሐፊው እንደሚጠይቁ ማወቅ ይጠቅማል። ውል ከመፈረሙ በፊት አራት ጥያቄ ይነሳ፦ ስንት ቅጂ ይታተማል? የታተመው ቅጂ የማን ንብረት ነው? የመተርጎም መብት በማን እጅ ይቀራል? መጽሐፉ መሸጥ ሲያቆም መብቱ ወደ ጸሐፊው ይመለሳል ወይ? ውሉ በዕብራይስጥ ስለሚሆን፣ ሳይነበብና ሳይገባ አይፈረም። ሃምሳም ይሁን መቶ ቅጂ በአካባቢ ማተሚያ ቤት አሳትሞ ለዘመድ ማደልም ራሱን የቻለ መንገድ ነው።

መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት ሁለት ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይሰጣል። ብዙዎች ይህንን እንደ ሸክም ያዩታል፤ ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ትልቅ ዕድል ነው። በኢየሩሳሌም አዲሱ የቤተ መጻሕፍቱ ሕንፃ የተከፈተው በ2023 ነው። እዚያ የገባ መጽሐፍ ዛሬ ማንም ባይገዛው እንኳ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የአያቱን መንደር የሚፈልግ ልጅ ያገኘዋል።

ሰሚውን ከቅርብ መፈለግ

አሽዶድ ራሷ አንድ ምሳሌ አላት። ከሞሮኮ የመጡ ሰዎች በወደቡና በፋብሪካው ሲደክሙ የኖሩባት ከተማ ናት። ዜማቸውና ፒዩታቸው ለብዙ ዓመታት በምኩራብና በቤት ውስጥ ብቻ ነበር የሚሰማው። በ1994 የአንዳሉስ ኦርኬስትራ በዚህች ከተማ ተመሠረተ። ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጡ ሙዚቀኞችም ገቡበት። በ2006 ኦርኬስትራው የእስራኤል ሽልማትን አገኘ። መጀመሪያ የሰማቸው ግን የገዛ ሰፈራቸው ሰው ነው።

ወደ ጽሕፈት የሚመለስ ሰውም ከሩቅ አንባቢ አይጀምርም። በሽማግሌዎች መዋያ ማዕከል አንድ ገጽ ማንበብ፣ በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ለሆነው ለሲግድ አንድ ታሪክ ማዘጋጀት፣ ለሬዲዮ አምስት ደቂቃ የሚሆን ጽሑፍ ማቅረብ በቂ መነሻ ነው። ሰሚው «እንዲህ አልነበረም፤ ወንዙን የተሻገርነው ማክሰኞ ነው» ሲል ጽሑፉ ይታረማል። ሌላው «አባቴም እዚያ ነበር» ሲል ጽሑፉ ይረዝማል። የቀድሞ ደንበኞቹ የመጀመሪያ አንባቢዎቹ ይሆናሉ፤ ታሪኩንም ከእርሱ ጋር የኖሩት እነርሱ ናቸው።

ለመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደብተር፣ አንድ ብዕርና አንድ ሰዓት ይበቃሉ። በመጀመሪያው ቀን ከመንደር አብረው የወጡት ሰዎች ስም ብቻ ይጻፍ። በሁለተኛው ቀን ከስሞቹ አንዱ ተመርጦ ያ ሰው በመጨረሻ የታየበት ቦታ ይጻፍ። በሦስተኛው ቀን ምን እንደተናገረ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ራሱ መንገዱን ያሳያል።